መጽሐፍ ውስጥ ለሸፈተ ሰው ተያዥ ተብሎ ስለታሰረው ስለ ባዘዘው

አማኑኤል፣ መጋቢት 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ሙላት
የወይራምባ ወረዳ ገዥ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የጉልበትዎ ቁርጥማት ፍል ውሃ ወርደው ከተመለሱ ወዲህ ሻል እንዳለው፣ እንቅልፍዎም እንደተመለሰልዎ ከደጅ ጠኚዎችዎ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። አገሩ ሁሉ እንቅልፍ ባጣበት በዚህ ወራት ቢያንስ አንድ ሰው ደህና ማደሩ ለወረዳችን ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ሙሐመድሳኒ እባላለሁ። አማኑኤል ከተማ ዋናው መንገድ ዳር አቡጀዲ፣ ጨውና ላምባ የምሸጥ ባለሱቅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ አሽጌ እንደመላክ ገበያው መካከል ካለው ዋርካ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት በአክብሮት የላክኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ክቡርነትዎ የሚመለከቱት ዛፍ ላይ የተለጠፈውን ብቻ ይሆናል ብዬ ነው። የእርስዎም ማስታወቂያ እዚያው ዋርካ ላይ ስላለ ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ይነበባሉ።

ጉዳዬ የባዘዘው ጉዳይ ነው። ባዘዘው ከአማኑኤል ወዲያ ያለ ገበሬ፣ የጥሩነሽ ባል፣ የአራት ልጆች አባት ሲሆን፣ ኦቤሎ ለተባለ ሽፍታ ተያዥ ነህ ተብሎ በወህኒ ቤትዎ በእግር ብረት ከታሰረ እነሆ ሦስት ወር ሞላው። ኦቤሎ ግን ክቡር ሆይ፣ በምድር ላይ የለም። የመጽሐፍ ሰው ነው። ይህን ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ እንድጀምር ይፈቀድልኝ።

1ኛ. መጽሐፉን በሚመለከት። አምና ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ በወረድሁ ጊዜ፣ ካደርሁበት ቤት ተከራይ የሆነ አንድ ተማሪ በማባዣ መኪና የተባዛ መጽሐፍ ሰጠኝ። በቅርቡ ከነጮች ነጻ የወጣ አንድ አፍሪካዊ አገር ሰው የደረሰው፣ ተማሪዎች ወደ አማርኛ የመለሱት ነው። ታሪኩ አጭር ነው፦ ነጮቹ ይሄዳሉ፣ ባንዲራ ይለወጣል፣ ሙዚቃ ይመታል፤ በማግስቱ የአገሩ ባላባት ነጩ ከተነሣበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቤሎ የተባለውን ገበሬ መሬት ይወስዳል። ኦቤሎ በሸንጎ ቆሞ አባቶቹን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ይሣቁበታል፤ እሱም ጫካ ይገባል። ጭሰኞቹም አንድ በአንድ ይከተሉታል። እኔ ይህን ለገበሬዎች ሳነብ ምንም ክፋት አላሰብሁም። በእኛ አገር ወንበሩ ባለቤት ቀይሮ ስለማያውቅ ነገሩ እኛን የሚነካ አልመሰለኝም ነበር።

2ኛ. የገበሬዎቹን ስሕተት በሚመለከት። በየገበያው ቀን ከሱቄ በረንዳ ላይ አረፍ የሚሉ ሰዎች ነበሩና አንዳንድ ምዕራፍ አነብላቸው ነበር። የኦቤሎን ሰባት አባቶች ባነበብሁ ቀን ባዘዘው ዱላውን ተደግፎ ብድግ አለና፣ «ሰባት ቤት የቆጠረ ሰው ውሸቱን አይደለም። ይህ ሰውዬ ርስተኛ ነው። እዚያ ከቀሙት እዚህ ይቆረስለት እንጂ ምን እናድርግ!» አለ። ድርሰት መሆኑን ባስረዳቸው፣ «ድርሰትስ ቢሆን፣ መሬት መቀማቱም ድርሰት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ በዚህ አገር ልማድ አገር የለቀቀ ርስተኛ ድርሻው አይጠፋም። እስኪመጣ ድረስ ዘመድ እያረሰ ይጠብቅለታል። በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተሰብስበው፣ ዕጣ ጥለው ለኦቤሎ ከወንዙ ዳር አንድ ማሳ ሰጡት። ባዘዘውም እንደ ዘመድ ሆኖ ሊያርስለት ተረከበ። የሚያሳዝነው፣ ማሳው ክቡርነትዎ ከሁለት ዓመት በፊት «ባለቤቱ አይታወቅም» ብለው ለበቅሎዎችዎ ግጦሽ ያደረጉት ሆኖ ተገኘ። እነሆ ባለቤቱ ታወቀ።

እዚህ ላይ የራሴን ቅሬታ ባልደብቅ ይሻላል። አባቴ፣ አያቴና ቅድመ አያቴ አማኑኤል ተወልደው አማኑኤል የተቀበሩ ናቸው። እስላሞች ስለሆንን ግን እግር የሚያሳርፍ መሬት ርስት ብሎ የሰጠን የለም፤ አባቶቻችንንም ቁጠሩ ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እነዚያ ጎረቤቶቼ ባሕር ማዶ ላለ፣ ሥጋና አጥንት ለሌለው ሰው ዓይኔ እያየ መሬት ሲለኩ ተቀየምሁ። ሁለት ገበያ ሙሉ መጽሐፉን አልከፈትሁላቸውም።

3ኛ. ስለወሰዱት ፈጣን እርምጃ ምስጋና ማቅረብን በሚመለከት። ክቡርነትዎ ስለ ማሳው ቀርቦ እንዲሟገት ኦቤሎን ሦስት ጊዜ በአዋጅ አስጠሩት። ሳይቀርብ ሲቀር ሸፍቷል አሉ። ታጣቂዎቹ ነጭ ለባሾችዎ መጽሐፉን ከሱቄ ፊት አንሥተው ሲወስዱ የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ጸሐፊዎም ከውስጡ የኦቤሎን መልክ ገልብጦ፣ «ቁመቱ ረጅም፣ መልኩ ጥቁር፣ ግራ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት» የሚለውን ማስታወቂያ ለጠፈ። በዚህ መሠረት ግራ ጉንጩን የጋለ ብረት ያቃጠለው ቀጥቃጩ ቢተው ተይዞ አሥራ አንድ ቀን ታሰረ። የተፈታውም ቀጥቃጭ በወረዳው ርስት ሊኖረው እንደማይችል ዳኞችዎ ስላረጋገጡ፣ ኦቤሎም ርስተኛ ስለሆነ፣ ቢተው ኦቤሎ ሊሆን አይችልም ተብሎ ነው። መሬት አልባነት ሰውን ነጻ ሲያወጣ ያየሁት በእርስዎ ችሎት ብቻ ነውና አመሰግናለሁ።

4ኛ. ማሳውን ስላረሰለት ለሸፈተው ኦቤሎ ተያዡ ነው ተብሎ የታሰረውን ባዘዘውን ግን ማን ነጻ ያውጣው? ዘበኞችዎ ውስጥ እግሩን እየገረፉ ሁለት ነገር ጠየቁት፤ ኦቤሎ የት እንዳለና መጽሐፉን ማን እንዳነበበለት። የመጀመሪያውን ቢያውቅ እንኳ አይናገርም። ሁለተኛውን ደኅና አድርጎ ያውቃል፤ ገበያው በሙሉ ያውቃል፤ ከገበያው መካከል አንድ ሰው እንኳ ለእርስዎ አልነገረዎትም። አሁን ደም ያስለዋል። ስንቅ ይዛ በሄደች ቀን በጥሩነሽ በኩል እንዲህ ሲል ላከልኝ፦ «ሙሐመድሳኒ ሱቁን እንዳይዘጋ፤ ዝም ብሎ ይቀመጥ በይልኝ። ወንድሜ ነው።» የሚቆጥረኝ አጣሁ ብዬ የተቀየምሁት እኔ፣ ይህን ሰምቼ ከአቡጀዲው ጥቅል ጀርባ ተደብቄ አለቀስሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የፈለጉት ሰው እነሆ። መጽሐፉ የእኔ ነው፤ ያነበብሁትም እኔ ነኝ። ባዘዘው ይፈታ፤ እግር ብረቱን በእኔ እግር ልክ ያስተካክሉት። ነጭ ለባሽ በመላክም አይድከሙ፤ በመጪው ሳምንት በእግሬ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ግን እንደ ባለሱቅ ልምከርዎ። ዋጋ የሚከራከር ደንበኛ አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ዕቃውን አይቶ ምንም ሳይል የሚሄደው ነው። ባለፈው ሳምንት አርባ ጥማድ በሬ ደቦ ወጥቶ የኦቤሎን ማሳ በጠራራ ፀሐይ አረሰው። አንድም ሰው አላዜመም፤ በሬዎቹን እንኳ የጮኸባቸው የለም። በቅሎዎችዎን አንድ በአንድ እየመሩ አምጥተው ከደጅዎ አሰሩልዎት። ከዚያ ወዲህ ለችሎትዎ ክስ ያቀረበ እንደሌለ ሰምቻለሁ። ጎጃሜ ሙግት ሲተው አይተው ያውቃሉ? እኔ አላየሁም። ፈርቻለሁ፤ ለእርስዎም ጭምር።

በወረዳችን ላይ ስላሰፈኑት ጸጥታ፣ በእኔና በጎረቤቶቼ መካከል ከአያት ቅድመ አያት የቆየውን አጥር በሦስት ወር ስላፈረሱልን፣ ማንበብ የማይችለውንም ገበሬ የመጽሐፍ ወዳጅ ስላደረጉልን ከወገቤ ዝቅ ብዬ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ወንበርዎ የተቀመጠበትን መሬት ፈጣሪ ያጽናልዎ እላለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ባለ ላምባና ባለ ጨው፣ ርስት አልባው
ሙሐመድሳኒ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ጥሩነሽ መጣች። ስንቁን እንዳለ ይዛው ተመልሳለች። ዘበኛዎ ሳይቀበላት «ከነገ ጀምሮ እንዳታመጪ» ብሏታል። ሊፈቱት ስለሆነ ይሁን ወይም ስንቅ ስለማያስፈልገው አልነገራትም። ስለዚህ ቀጠሮዬን ወደ ነገ አምጥቼዋለሁ። ብቻዬንም አይደለሁም፤ ከአማኑኤል እስከ ደብረ ኤልያስ የሰማ ሁሉ አብሮኝ ይመጣል። ቃሬዛ ይዘናል። ባዘዘው በእግሩ እንዲወጣና ቃሬዛውን ባዶውን ይዘነው እንድንመለስ፣ ክቡርነትዎም ዛሬ ይጸልዩ።