አሮጊቷ መርከብ ደርባን ስትመጣ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ገበያ ቀዝቃዛ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የጀፕን ገበያ አጥለቅልቆት ውሃው ሱቄ ገብቶ የምሸጣቸው መጋረጃዎች ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀረው። አጠገቤ የምትሸጠው ሙርሺዳ ባትረዳኝ ኖሮ... ብርድ ልብሶቿን ትታ የኔን ጥቅል ስታነሳ ዋለች። ጎረቤት ይሏል እንዲህ ነው።

ዮቪል ቤቴ ስገባ አባዬ እንደተለመደው መስኮቱ ጋ። ምሳውን አልነካውም።

"ምን ስትሠራ ዋልክ?"

"እዚህ ከተማ ነፋስ የለም" አለኝ።

የለም? ነሐሴ ላይ ያን ሁሉ አቧራ ማን አመጣው?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዲፕስሉት ሱቁ ካመጣሁት ወዲህ ተነስቶ ተቀብሎኝ አያውቅም። ደንግጬ "ምን ሆንክ?" አልኩት።

"አሮጊቷ ደርባን ልትመጣ ነው።"

"የቷ አሮጊት?"

ስልኩን አሳየኝ። አራት ምሰሶ ያላት ነጭ ባለሸራ መርከብ። አባዬ ወጣት ሳለ ባሕር ኃይል ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ግን ነግሮኝ አያውቅም። ዛሬ እራት እስኪቀዘቅዝ አወራ።

መጀመሪያ እህል ጫኝ ነበረች አለ። ጀርመኖች ሠሯት። ሞተር የሌላት፣ በነፋስ ብቻ ከአውስትራሊያ ስንዴ የምታመላልስ። ከዚያ ጦርነት... ጀርመን ሲሸነፍ ሩሲያዎች በካሳ ወሰዷት። ስሟን ለወጡ፣ ሞተር ገጠሙላት፣ ስንዴ ይቆለልበት የነበረው ቦታ ላይ አልጋ ደርድረው የባሕር ተማሪዎች ትምህርት ቤት አደረጓት። እሱም ከምፅዋ ለትምህርት ተልኮ አንድ በጋ ሠርቶባታል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው ያኔ።

"ሞተር እያለ ሸራ መጎተት ምን ያደርጋል?"

"ሸራ ብቻሽን አይሆንልሽም። አጠገብሽ ያለው ሰው ሲተነፍስ እኩል ትተነፍሻለሽ። ለዚያ ነው።"

ባሕር ኃይሉ ምፅዋን ለቆ ከወጣ በኋላ አባዬ መርከብ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ይሄን ለእማዬ ነግሯት ነበር? ወይስ እሷም ሳትሰማ ሞተች?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

"እንሂድ" አለኝ። "አይሆንም" አልኩት። እጁ ገና ያመዋል። ደርባን ውስጥ የውጭ አገር ሰው ይውጣ የሚል ሰልፍ አለ ይባላል። ሱቁንስ ማን ይጠብቃል?

ምክንያቴ ግን ይሄ ብቻ ነው? ልጅ ሳለሁ እሱ እዚህ ነበር፤ እኔ አዲስ አበባ። እዚህም ስመጣ ዲፕስሉት ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቁ ውስጥ ያድር ነበር። ተዘርፎ እጁን ከሰበሩት በኋላ ነው አንድ ቤት መኖር የጀመርነው። አባቴን የሰጡኝ ሌቦች ናቸው። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?

መስኮቱ ጋ ይሁን፣ ዝም ይበል፣ ብቻ ቤት ስገባ ይኑር... ነው ነገሩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሱቅ ሳለሁ ሙርሺዳ ጠራችኝ። "አባትሽ ደጅ ቆመዋል።"

ነጭ ሸሚዝ፣ ትንሽ ቦርሳ። ብቻውን በታክሲ መጥቷል። ብቻውን ደረጃ እንኳ የማይወርደው ሰውዬ!

"ልሰናበትሽ ብዬ ነው" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

ሙርሺዳ የሱቁን ቁልፍ ከእጄ ወሰደች። "ሱቁን እኔ አያለሁ። አብረሻቸው ሂጂ።"

ይሄን የምጽፈው አውቶቡስ ውስጥ ነው። አባዬ አይተኛም። መንገዱን ያያል።

እሑድ፣ ጥቅምት 16፣ ደርባን

ባሕር አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ ገና ዛሬ። ጨው ጨው ይሸታል... ከዚህ በላይ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ሕዝቡ መርከቧን ለማየት ተሰልፏል። ተራችን ሲደርስ አባዬ መወጣጫው ሥር ቆመ። እጄን ያዘኝ።

"ፈራሁ ፀጊ።"

"እንመለስ?"

እጄን ለቆ ወጣ።

ወለሉ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ማዕበል የቀደደውን ሸራ ይሰፋሉ። አንዱ የመርከቧ ሰው ነው። ሌላው ሚስተር ናይዱ የሚባሉ የደርባን ህንዳዊ፣ ወደቡ አጠገብ ሸራ መስፊያ ቤት ያላቸው። አባዬ በሩሲያኛ ሰላም አለ። ቋንቋው ዝጎበት መሰለኝ፣ እየተደናቀፈ ነበር። መርከበኛው አየው፣ ጠጋ አለለት፣ ወፍራም መርፌ አቀበለው።

መጀመሪያ የሰፋውን ሁለቴ ፈታው። ከዚያ ስፌቱ ያዘለት። ናይዱ የሆነ ነገር አሉት፣ አባዬ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አላውቀውም። ቦርሳውን ታቅፌ ቆሜ... ቀናሁ። በመርከብ ይቀናል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አሮጊቷ ሄደች። ተማሪዎቹ ምሰሶዎቹ ላይ ተደርድረው ነበር። እስክትጠፋ አየናት።

"በል፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን" አልኩት።

"እኔ ልቆይ ነው።"

ናይዱ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰው ይፈልጋሉ። ከመስፊያው ጀርባ ክፍል አለ አሉት። ሁሉን ተነጋግረው ጨርሰዋል።

"ሰልፉስ? ቢመቱህስ?"

"ፈርቼ መቀመጥን አየሁት እኮ፣ ልጄ። እሱም ይገድላል።"

ተከራከርኩ። አለቀስኩ። ከዚያ ሹራቤን አውልቄ ሰጠሁት፤ የባሕሩ ነፋስ ይበርዳል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ምሳ ሠርቼ ክዳን ደፋሁበት። ለማን?

እሑድ፣ ህዳር 14

ደወለ። ናይዱ የአንድ ሰውዬ ጀልባ ላይ አውጥተውት አዲስ ሸራ ሲሞክሩ ውለዋል። ዓሣ በሊታ ወፍ፣ የናይዱ ሚስት ካሪ፣ የመርፌው ውፍረት... አያባራም። አንዴ ብቻ ሰፈር ውስጥ "ወደ አገርህ ሂድ" ብለውት ነበር። ናይዱ አብረው ቤት ድረስ ሸኙት።

"መቼ ትመለሳለህ?"

"ክፍሉን አከራዪው ፀጊ። ባዶ አይቀመጥ።"

እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ እያለ እንዲህ ናፍቆኝ ነበር? ያኔም ይናፍቀኝ ነበር መሰለኝ፤ ያኔ ግን መስኮቱ ጋ የነበረውን ሰውዬ ሳይሆን ሌላ ሰው ነበር የምናፍቀው። አሁን ያ ሰው አለ። ደርባን ነው።

ክፍሉን የተከራየችው እምነት የምትባል፣ ጀፕ ፀጉር ቤት የከፈተች ልጅ ናት፤ ነገ ዕቃዋን ታመጣለች። ክፍሉን አጠብኩ፣ አንሶላውን ቀየርኩ። ትራሱን ግን ወደ እኔ አልጋ ወሰድኩት።