ሔቨን የምትሄድበት አገር

ሰኞ፣ ማርች 5

ሔቨንን ተቀበሏት! ልጄን ተቀበሏት! ሥራ ላይ ሆኜ ነው የደወለችልኝ፣ እንግልውድ፣ የምንከባከባቸውን አሮጊት የሚስስ ካርተርን አልጋ እያነጠፍኩ። ጮህኩ። ሚስስ ካርተር "ማን ሞተ?" አሉ። ማንም አልሞተም አልኳቸው። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ሰርቪስ ለርኒንግ ይሉታል። የነርሲንግ ተማሪዎቹ ሰመሩን፣ የክረምት ዕረፍቱን በሙሉ ሌላ አገር ክሊኒክ ውስጥ ያገለግላሉ፣ ኮሌጁ እንደ ትምህርት ይይዝላቸዋል። ሁሉም አልገባኝም... ለመደሰት ሁሉም መግባት አለበት እንዴ?

የምሳ ብሬኬ ላይ ለጎረቤታችን ለእትዬ ጌጥነሽ ደወልኩ። ከዚያ ለጓደኛዬ ለብዙዬ። ብሬኩ አለቀ፣ ወሬው አላለቀም።

ረቡዕ፣ ማርች 7

እንዳልክ ከታክሲው ገብቶ እራት እየበላ፣ "ሰው ለመርዳት ፕሌን ምን ያደርጋል? 15 ቁጥር አውቶብስ ትሳፈርና ኮልፋክስ መንገድ ላይ የወደቀውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ትርዳ" አለ። ከዚያ ሽሮ ጨመረ። ባሌ ደስ ሲለው እንዲህ ነው።

ቅዳሜ፣ ማርች 10

ዕቃው መጣ። እትዬ ጌጥነሽ ለእህታቸው የስኳር መለኪያ። ብዙዬ ለወንድሟ ልጅ ጫማ፣ "ካርቶኑን ጥዬዋለሁ፣ ኪሎ እንዳይበዛባት" ብላ። ውባየሁ ከሎውሪ ሰፈር ድረስ መጥታ የሠርግ ቪዲዮና አንድ የተጠቀለለ ነገር። ምንድነው? አልነገረችኝም። ለስላሳ ነው።

ሁሉንም ተቀበልኩ። ወደ አገር የሚሄድ እያለ ዕቃ አልቀበልም ይባላል? ሳሎኑ ሞላ። ሔቨን ፈተና ስላለባት ከላይብረሪ አልወጣችም፣ አላየችም።

እሑድ፣ ማርች 11

አየች።

"ማሚ፣ የማነው ጫማ?"

"የብዙዬ ወንድም ልጅ። ታደርሺለታለሽ።"

"ኢኳዶር ነው እንዴ ያለው?"

ኢኳዶር...

ማንም አልነገረኝም። እሺ፣ እኔም አልጠየቅኩም። "ሌላ አገር" ስትለኝ ሌላ ምን አገር አለ ብዬ?

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ጠየቅኩ። አዲስ አበባም ምርጫው ውስጥ ነበረች። አይታ አልፋታለች።

"ለምን?"

"ኮምፕሊኬትድ ነው፣ ማሚ።" ከዚያ ጫማውን መልሳ አስቀመጠችና፣ "እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ። አንቺ ኖ ካልሽ አልሄድም። ሲሪየስሊ።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእኔን እሺታ ለምን ትጠይቃለች? ዝም ብላ ብትሄድ ዝም ብዬ እቆጣ ነበር።

ሰኞ፣ ማርች 12

ለእትዬ ጌጥነሽ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ለካ የምትሄደው ኢኳዶር ነው።"

"እሱ ከአዲስ አበባ ይርቃል?"

"ሌላ አህጉር ነው፣ እትዬ።"

አሰቡ። "ግድ የለም፣ ዘሪቱዬ። ከዚያ የሚሄድ አበሻ አይጠፋም።"

ማክሰኞ፣ ማርች 13

አልተቆጣሁም። ያልቆሸሸ ምድጃ ጠረግኩ። አፍራብን ይሆን?... እምቢ ብላትስ?

ረቡዕ፣ ማርች 14

የደም ግፊት ቀጠሮዬ ነበር። ሔቨን ነዳችልኝ። ሁሌም አብራኝ ትገባለች፣ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አስተርጓሚዬ ነች። ፓርክ አደረገች፣ ሞተሩን ግን አላጠፋችም።

"አዲስ አበባ ብሄድ ኮ አክስቶቼ ኤርፖርት ይመጣሉ። ያጎርሱኛል። ማንም ምንም አያሠራኝም። ገስት ነኝ፣ እንግዳ።"

"ታዲያ መጎረስ ምን ክፋት አለው?"

"ማሚ፣ ሊስን። ልጅ ሆኜ ዶክተሩ የሚልሽን ሁሉ እኔ ነበርኩ የምነግርሽ፣ አይደል? እሱ ያወራል፣ አንቺ እኔን ታያለሽ። እኔ ሁለቱም ቋንቋ ይገባኝ ነበር። ያንቺን ቦታ ግን አላውቀውም። ኢኳዶር አንዲት እናት ሕመሟን በቋንቋዋ ትነግረኛለች፣ እኔ ግማሹ አይገባኝም። እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ነርስ ስሆን እንዳንቺ ያለች ሴት ስትመጣ እንዳልቸኩልባት።"

"ያን ያህል አስቸግር ነበር?"

"ኖ። ዝም ትዪ ነበር።"

እኔ! ዝም! ለእንዳልክ ብነግረው ይስቃል።

ግን... እውነቷን ነው። እቤት እለፈልፍ ነበር፣ አውቶብስ ላይ እለፈልፍ ነበር። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ዝም። ይህንን ልጅቷ ቁጭ ብላ ስታይ ነበር ለካ። እኔ ካርቱን የምታስብ ይመስለኝ ነበር።

"አንቺ ውጭ ጠብቂኝ" ብያት ብቻዬን ገባሁ። ዶክተሯ ስለ ግፊቴ ጠየቀችኝ። በራሴ እንግሊዝኛ ነገርኳት። ስለ ጉልበቴም ነገርኳት፣ ስለ እንዳልክ ማንኮራፋትም። ቀጣዩ በሽተኛ በሩን አንኳኳ።

ሐሙስ፣ ማርች 15

ዕቃውን መለስኩ። ውባየሁ የተጠቀለለውን ስትቀበል ከፍታ አሳየችኝ። የሕፃን ብርድ ልብስ። እኔማ ምኑን ያላሰብኩት አለ!

ዓርብ፣ ማርች 16

ጠዋት ሳትወጣ፣ "ሂጂ" አልኳት።

"ሪሊ?"

"ሂጂ። ሳይገባሽ ሲቀር ግን ገባኝ አትበዪ። እኔ እንደሱ እያልኩ ነው የኖርኩት።"

አቀፈችኝ። ከዚያ ረፈደብኝ ብላ ሮጠች። መስኮቱ ላይ ቆሜ መኪናዋ እስክትታጠፍ አየሁ። ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ስልኬን አነሳሁ።

ብዙዬ "ታዲያ ኢኳዶር ምን አላት?" አለችኝ። "የማታውቀው ነገር" አልኳት። ወደድኩት፣ ለሌሎቹም እንደዚያው አልኩ።

አሁን ፆም ነው፣ የመሸኛ ድግሷ በሽሮ አይሆንም። ከፋሲካ በኋላ ይሁን። እኛ ቤት፣ ኦሮራ። ሥራ አለብኝ የሚል ሽፍቱን ይቀይር፣ ልጅ ያለው ልጁን ይዞ ይምጣ፣ እንዳልክም ታክሲውን ያቁም። ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 14፣ ማንም እንዳይቀር!