ሰዒድ ከጅቡቲ ያመጣልኝ ድንጋይ

ማክሰኞ

ዘሃራ አሁንም በኦክስጅን ነው የምትተነፍሰው። ከከሚሴ ወደ ደሴ ሆስፒታል ላኩን። ባለቤቴን እንዲህ ያደረጋት የገዛ እጄ ነው።

ትናንት ጠዋት የዓሣ ገንዳዬ ውስጥ ያለውን ኮራል አረንጓዴ አልጌ ወርሮት አገኘሁት። ድንጋይ ላይ የበቀለ አበባ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ያመጣልኝ ሰዒድ፣ «ሙቅ ውኃ አፍስስበትና በብሩሽ እሸው» ብሎኝ ነበር። ከገንዳው አውጥቼ የፈላ ውኃ አፈሰስኩበት፣ አሸሁት። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው። እኔ በተከፈተው መስኮት ሥር ነበርኩ፤ እሷ አጠገቤ ወጥ ታማስላለች። ከብሩሹ የተረጨ ጠብታ ግራ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

ቀትር ላይ አፌ ብረት ብረት አለኝ። እሷን አንቀጠቀጣት። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሳይደርስ ትንፋሿ አጠረ።

ረቡዕ

ሐኪሟ የኮራሉን ፎቶ ከስልኬ አየች። «መርዝ አለው። ማርከሻ የለውም፤ ሰውነቷ እስኪያሸንፈው እናግዛታለን» አለችኝ። ስንት ጊዜ በባዶ እጄ ነካክቼዋለሁ!

ሰዒድ ጋ ደወልኩ። የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አብረን ቁርአን የቀራን የልጅነት ጓደኛዬ።

«የሸጡልኝ ሰዎች ጓንት ሳታደርግ እንዳትነካው ብለውኝ ነበር» አለ። «ያኔ የኔም እጅ አብጦ ነበር። ልነግርህ ረሳሁት፣ ወላሂ።»

«ሙቅ ውኃውስ?»

«እሱን ከራሴ ነው።»

«ረሳሁት» ይለኛል! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሐሙስ

እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው። ድንጋዩን ሰዒድ ቤት ልወስደው ነው። እኔ ቤት የሆነው እሱም ቤት ይሁን። ጓንት፣ ማስክ፣ ሁለት ፌስታል ገዛሁ። እህቷን አጠገቧ አስቀምጬ ከሚሴ ወረድኩ። ቤት ስገባ፣ ድንጋዩን የመለስኩበት ገንዳ ውስጥ ዓሦቹ ሞተዋል። አላዘንኩም። ሰዒድን ብቻ ነው የማስበው።

አርብ

ከጁምዓ በኋላ ፌስታሉን ይዤ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እናቱ ናቸው።

«አካም ጅርታ ልጄ? ዘሃራዬ እንዴት ሆነች? ከሱብሂ ሶላት ጀምሬ ዱዓ ላይ ነኝ።» ይህን እያሉ እጃቸውን ወደ ፌስታሉ ሰደዱ። «ምን ይዘህ መጣህ፣ ምን አደከመህ?»

መንጭቄ ወደኋላ ሸሸሁ። ደነገጡ። «አይንኩት እማ፣ መርዝ ነው!» አልኩ። ፌስታሉን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

እሳቸውን ነበር የምገድለው። ለሰዒድ ያለኝ ንዴት ግን አልበረደም።

ቅዳሜ

ድንጋዩን ውጭ፣ በረኪና በሞላሁት ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። ጓንትም፣ ማስክም፣ መነጽርም አድርጌ ነው። ጎረቤቶቼን አርቄ። ገንዳውን ሁለተኛ አልሞላውም።

ለሰዒድ፣ «ነገ ደሴ ና። ለኔ ያልከኝን ለሷ ንገራት» ብዬ መልእክት ላክሁ። በቀሌ ይኸው ነው።

እሑድ

መጣ። አልጋዋ ግርጌ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ዘሃራ ዛሬ ያለ ኦክስጅን ናት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«እጅህ ያበጠ ጊዜ ለእናትህ ነግረሃቸው ነበር?» አለችው።

«አዎ።»

«እንዳይነኩትስ?»

«ነግሬያቸው ነበር።»

«ታዲያ እኛስ ሰዒድ?»

አቀረቀረ። ሲያለቅስ አየሁት፤ ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ነርሷ የግራ ዓይኗን ፋሻ ፈታች። ሁለት ጣት አነሳሁላት።

«ሁለት» አለች። ቆየት ብላ፣ «ወይ ሦስት።»

ደብዝዞባታል እንጂ ብርሃን አለ፣ አልሃምዱሊላህ። ሐኪሟ ጊዜ ስጡት አለች።

ሰዒድ ሲወጣ እጁን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም።