ለዘይነባ ያልነገርኳት

ሰኞ

እዚያው ነበር። የባለቤቴን የዘይነባን ኢንሱሊን ከሙቀት የምናተርፈው በእርጥብ አሸዋ መሃል በተቀበረች ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ነው። ጥጡን አየሁ፣ የዓይን ጠብታዋን አየሁ፣ መርፌዎቹን አየሁ። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ግን አላየሁም። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ክንዷን ገልጣ ትጠብቀኛለች። ስኳሩ ዓይኗን ከወሰደው አራት ዓመቱ፤ የምታየው በእኔ ነው። በመጨረሻ በዳበሳ አገኘሁት፣ ከጥጡ አጠገብ።

መነጽር ቀይሬያለሁ። ሐኪሙም "ዓይንዎስ ደህና ነው ጋሼ፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ሳይሆን አይቀርም" ብሎኛል። የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ማክሰኞ

ከቁርስ በፊት ወግቻት ነበር? አልወጋኋትም መሰለኝ። ወጋኋት።

ትንሽ ቆይታ በላብ ተጠመቀች። እጇ ተንቀጠቀጠ፣ አንደበቷ ተሳሰረ። ስኳር በጥብጬ አጠጣኋት። ነፍስ ስትዘራ "ቁርስ አሳንሼ ነው" አለች። ብርጭቆውን ተቀበልኳት። ሁለቴ ወግቻታለሁ። ሠላሳ ዓመት ፊደል ያስቆጠርኩ ሰውዬ አንድና ሁለት ጠፋብኝ።

ረቡዕ

ጎረቤታችን ሐዋ ማንጎ ይዛልን መጣች። የበርታ ብሔረሰብ ናት፣ አማርኛዋ ሰባራ ነው፤ ልጅነቷ ወንዝ ዳር ወርቅ በማጠብ ነው ያለፈው። ማሰሮው ላይ አፍጥጬ አገኘችኝ።

"ጋሽ ሰይድ፣ አንተ ሁሉን አንድ ላይ ያያል። እንደሱ ወርቅ አይገኝም።" የማሰሮውን ግማሽ በመዳፏ ሸፈነች። "ይሄን ብቻ እይ። ከዚያ እጅ ይነሳል፣ ያንን እይ።"

ሸፍኜ አየሁ። ብልቃጡ ብቅ አለ። ደስ ብሎኝ እጇን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ግን መርሳቱንስ በምን እሸፍነዋለሁ? ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ለዘይነባ እነግራታለሁ።

ሐሙስ

አልነገርኳትም። ፈሪ ነኝ። ብነግራት ባምባሲ ያለችው ልጃችን ትወስዳታለች፣ ብቻዬን እቀራለሁ። ባልነግራት እገድላታለሁ።

በወጋኋት ቁጥር ደብተሬ ላይ ጭረት ማድረግ ጀምሬያለሁ። የጠዋቱ ጭረት አለ። ያደረግሁት ከወጋኋት በኋላ ይሁን ከመውጋቴ በፊት አላውቅም። የገዛ እጅ ጽሑፌን አላምነው አልኩ። ያ አላህ፣ እሷን ብቻ አትርፍልኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ እንደተመለስኩ ጫማዬን ሳላወልቅ ነገርኳት። የማክሰኞውንም አልደበቅኋትም። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ፊቴን በእጇ ፈልጋ አገኘችው። "አንተ ሰው፣ ረቡዕ እኮ ነግረኸኛል። ያኔም እዚሁ ተቀምጠህ አልቅሰሃል።"

ደብተሬን ገለጥኩ። ረቡዕ፣ "እነግራታለሁ"። ሐሙስ፣ "አልነገርኳትም"።

ዘይነባ ከሐዋ ጋር ነገሩን ጨርሳ ኖሯል። ሐዋ ትናንት ጤና ጣቢያ ሄዳ አወጋጉን ተምራለች፤ ከነገ ጀምሮ ጠዋትና ማታ እሷ ትመጣለች። ማሰሮውም ወደ እሷ ቤት ይሄዳል።

"ለልጃችንስ?" አልኳት።

"አልነገርኳትም። አንተን ትቼ የት እሄዳለሁ?"

እዚህ ገጽ ላይ በትልቁ ጽፌ አስምሬበታለሁ፦ ዘይነባ ታውቃለች። ደግመህ አትንገራት።