በጨዋታ የያዝኩህ ሐሙስ

ውድ ንጋቱ፣

ማንም አልሞተም። ከእኔ ረዥም ጽሑፍ ሲደርስህ መጀመሪያ የምታስበው እሱን እንደሆነ ስለማውቅ ከሰላምታው በፊት ይህን አስቀደምኩ። የእኔ ቃል አንተ ዘንድ ምን ያህል እንደሚታመንም አውቃለሁ። ጎንደር ከገባህ ጀምሮ ስደውል አታነሳም። በቴሌግራም የላክኩልህን ሁሉ ታነባለህ፣ መልስ ግን የለም። አንድ ቀን ብቻ "እናቴ ደህና ናት" ብለህ ጽፈህልኛል፤ ያችን መስመር ደግሞ ከላይም ከታችም እያየሁ፣ እውነት ይሆን ወይስ እንደኛ ሰው አነጋገር ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ስለዚህ ይህንንም ታነባለህ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። መጨረሻው ላይ ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ ላደርገው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

አሁን ክፋር ጋኒም ቤቴ፣ ያው ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ። ከፊቴ የረሖቮት ሰዎች የሠርግ ቪዲዮ ተከፍቷል። ሙሽራዋ ከመኪና ልትወርድ አንድ እግሯን አውጥታ ቆማለች፤ እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ ከዚያ አላሳለፍኳትም። በእጄ የያዝኳት ያችው ማውስ ናት፣ ከሹኩ፣ ከገበያው አጠገብ ካለው ሱቅ ለአንተ አንድ ለእኔ አንድ ብለን የገዛናት ርካሽ የጌም ማውስ። ሻጩ እንኳን "ለልጆቻችሁ ነው?" ብሎ ሲስቅብን ነበር። የጌም ማውስ ለሠርግ ቪዲዮ ምን ያደርግልኛል ብዬ ስከራከርህ፣ ገፋ አድርገኸኝ ወንበሬ ላይ ተቀመጥክና በጎኗ ያሉትን ሁለት ቁልፎች አስተካከልክልኝ፤ የፊተኛው እንዲቆርጥ፣ የኋለኛው ያበላሸሁትን እንዲመልስ። እውነትህን ነበር፣ ሥራዬ በጣም ቀለለ። ቀን የሰው ሠርግ እቆርጥባታለሁ፣ አንተ ከፋብሪካ ስትመለስ ደግሞ በእሷው እንጫወታለን። አክስትህ እትዬ ፋንትነሽ መብራቷ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሲቀያየር አይተው፣ ይህችን ይዞ ለሚሠራ ሰው ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ።

ያን ሐሙስም ሠርግ እየቆረጥኩ ነው አክስትህ የደወሉልኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፤ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። አዘዞ ያለችው ጎረቤታችሁ ደውላ፣ እናትህ ገበያ መሀል ወድቀው ሆስፒታል እንደገቡ ነግራቸዋለች። ስትናገር ታለቅሳለች። "ንጋቱን ብቻውን እንዳትተዉት" እንዳለች ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ቢደውሉ ቢደውሉ መስመር የለም።

አክስትህ አልተጠራጠሩም፣ እኔም አልተጠራጠርኩም። የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አይናገርም። ታሟል ይባላል፣ ሆስፒታል ነው ይባላል፣ ከዚያ ሽማግሌ ተሰብስቦ መርዶው በሰው መሀል ይነገራል። የአያቴን ሞት አባቴ የሰማው እንዲሁ ነው፣ የአንተንም አባት ሞት እንዲሁ ነው የነገሩህ። ስለዚህ ጎረቤታችሁ "ሆስፒታል" ስትል ሁላችንም መቃብር ሰማን። የአክስትህ ልጅ ሺራ ብቻ ለምን ሆስፒታሉ ጋ አይደወልም እያለች በዕብራይስጥ ስትጨቃጨቅ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። እሷ እዚህ የተወለደች ናት፣ ወጉን አታውቅም ተባለና ታለፈ።

መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። ማግስቱ ግን ዓርብ ስለሆነ፣ ሰንበት ሳይገባ ሰው እንዲያጽናናህ በዚያው ዕለት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይነገረው ተባለ። ቄሱ እስኪመጡ፣ ከኪርያት ጋት የአባትህ ዘመዶች እስኪደርሱ፣ አንተ ስልክ መንካት የለብህም። ቀኑ ደግሞ የዕረፍትህ ቀን ነበር፤ ሐሙስ ከሰዓት ለእናትህ ሳትደውል እንደማትውል ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ፋንትነሽ ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርህ።

"ያን ጨዋታችሁን ተጫወቱ። ካንተ ጋር ሲሆን ስልኩን አያየውም። እስክንመጣ ያዝልኝ ልጄ።"

እኒህ እኮ ጨዋታው ዕድሜያችሁን በላው እያሉ ሲቆጡን የኖሩ ሴት ናቸው። "በሰደር፣ እሺ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አንድ ሌላ ሥራም ሰጥተውኝ ነበር። ለልቅሶው ቤት የእናትህን ፎቶ አሳድጌ እንድልክ፣ ሺራ እንድታሳትመው። እኔ ዘንድ ያለው ጥሩ ፎቶ ከጎንደር የወጣህ ዕለት የተነሣችሁት ነው። አንተ ቆመህ እጅህን ትከሻቸው ላይ ጥለሃል፣ እሳቸው ካሜራውን ሳይሆን አንተን ያያሉ። በዚያች ማውስ አንተን ከጎናቸው ቆርጬ አወጣሁህ። ጣቶችህ ግን ነጠላቸው ላይ ቀሩ። አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። የመጨረሻው ጣት አልጠፋ ብሎኝ ስታገል፣ አንዴ አብዝቼ ነጠላቸውን ቀዳሁት፣ መለስኩት፣ እንደገና ጀመርኩ። አልቅሻለሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ደወልኩልህ።

"ያላ፣ ግባ" ስልህ ደስ አለህ። በሥራ ሰዓት እንደማልጫወት ታውቃለህና ምን ተገኘ ብለህ ቀለድክብኝ። ስልክህ እየጮኸ እንዳይረብሸን ድምፁን አጥፋው ያልኩህ እኔ ነኝ። ይህን አንተም ታስታውሳለህ፣ እኔም አልረሳውም።

እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያነጣጠርኩበት ሁሉ ይዘልልብኛል። አንተ በኔቬ ኦዝ ሰፈር፣ ክፍልህ ውስጥ ቁጭ ብለህ አየኸው።

"ዛሬ እጅህ ምን ሆኗል?"

"ማውሷ ናት" አልኩህ።

"ከመሽከርከሪያዋ ኋላ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጫናት፣ ፍጥነቷ ይቀንሳል። አይዞህ አትቸኩል፣ እኔ ከኋላህ አለሁ።"

ተጫንኳት። በእርግጥም ቀነሰች፣ መንቀጥቀጤ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። አንተን ለማታለል የሚያስፈልገኝን እርጋታ ያስተማርከኝ አንተ ራስህ ነህ።

ከዚያ ለእናትህ ልደውል አልክ። አንድ ዙር ብቻ አልኩህ። ዙሩ ሲያልቅ ደግመህ አነሣኸው፣ ሲመሽ ኔትዎርኩ ይብሳል አልክ። ስትሸነፍ እልህ እንደሚይዝህ፣ ሳታሸንፍም እንደማትነሣ አውቃለሁ። ስለዚህ ሆን ብዬ መሳት ጀመርኩ። ጠላት ከፊቴ ቆሞ ግድግዳ እተኩሳለሁ። ተሸነፍን፣ ተናደድክ፣ "እንድገም" አልክ። ደገምን። እንደገና አሸነፉን። አንተ እኔን ላለማሳፈር ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራስህ ስትወስደው ነበር። በመስኮቴ ፀሐይዋ የማዶውን ፎቅ ስትለቅ እያየሁ፣ ቶሎ በመጡ እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ባይመጡ እላለሁ።

በርህ ተንኳኳ።

"ሰው መጣ፣ ጠብቀኝ" አልክና የጆሮ ማዳመጫህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥከው። አላጠፋኸውም። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። "እንዴ፣ ምነው ሁላችሁም?" ስትል ሰማሁ። ወንበር ሲሳብ፣ አልጋህ የሰው ክብደት ሲይዝ፣ ቄሱ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲጸልዩ ሰማሁ። ቀጥሎ ያለውን አልጽፈውም። ማዳመጫዬን ከጆሮዬ ላወልቅ እችል ነበር፣ አላወለቅኩም። ዙሩ አላለቀም ነበር፤ ያንተ ተጫዋች ሜዳው መሀል ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የሚያንቀሳቅሰው የለም። ሮጬ ሄጄ ከፊቱ ቆምኩ። የመጣውን ሁሉ ተኮስኩ፣ ያን ከሰዓት አንዲት ጥይት ያልሳትኩት ያኔ ብቻ ነው። አንተ እየጮህክ እኔ አንተን ከማይነካህ ነገር ስጠብቅህ፣ እንደ እብድ።

አክስትህ ቤት ስደርስ ፎቶው ግድግዳው ላይ ነበር፣ ከሥሩ ሻማ በርቷል። ሰዉ ያለቅሳል። አንተ መሬት ላይ ተቀምጠህ ነበር፣ ቀና ብለህ አላየኸኝም። የሺራ ስልክ የጮኸው ያኔ ነው። የጎንደር ቁጥር ነበር፣ በቪዲዮ። ጎረቤታችሁ ኔትዎርክ ፍለጋ ከሆስፒታሉ ሰገነት ላይ ወጥታ፣ መስመር ስታገኝ ሮጣ ወደ ክፍሉ ገብታለች። እናትህ አልጋ ላይ ናቸው፣ ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ፊታቸው ገርጥቷል።

"ንጋቱ፣ ዛሬ ምነው ሳትደውልልኝ?" አሉ።

ማን ሞቶ ነው የምታለቅሱት ብለው ጠየቁ። ሺራ ስልኩን ለአንተ ልታቀብል ስታዞረው ግድግዳውን አሳያቸው። ፎቶውን አዩት። ሻማውንም አዩት። "እኔ ነኝ እንዴ?" አሉ።

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ የባሰ አለቀሰ። አክስትህ መሬቱን ሳሙ፣ ቄሱም ፈጣሪን አመሰገኑ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። አንተ ስልኩን ይዘህ ውጭ ወጣህ፣ ብዙ ቆየህ። ስትመለስ ያንተን ስልክ ከኪስህ አውጥተህ አሳየኸኝ። መስመር በተገኘ ቁጥር ከሰዓት ሙሉ የተደወለው ተደርድሮበታል። እናትህ ወደ ቀዶ ሕክምና ሳይገቡ ድምፅህን ልስማ ብለው ነበር፤ ካልሰማሁ አልገባም ብለው ሐኪሞቹን ሲያስጠብቁ ነበር የዋሉት።

"ስትጠራኝ ነው የዋለችው" አልከኝ። በሳምንቱ ጎንደር ሄድክ፣ ልሸኝህ ብመጣም ቀድመህ ወጥተህ ነበር።

በዚህ ሁሉ የማንም ክፋት አልነበረበትም። አክስትህ ይወዱሃል፣ እኔም እወድሃለሁ። ብቻህን መርዶ እንዳትሰማ ነው የለፋነው። ይህን የምጽፈው ይቅር እንድትለኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዝም ብዬ በጠበቅኩህ። እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እትዬ ፋንትነሽ ሆስፒታል ናቸው። ሰኞ ሥራ ቦታቸው፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ሳለ ደረታቸውን አፈናቸው፣ በአምቡላንስ ተወሰዱ። የልባቸው የደም ሥር ሦስት ቦታ ተደፍኗል። እሑድ ጠዋት ደረታቸው ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። ማክሰኞ ዘመድ ተሰብስቦ ለንጋቱ አይነገረው፣ እናቱን እያስታመመ ሐሳብ አይጨመርበት ተባለ። እሳቸውም ከአልጋቸው ሆነው ይህንኑ አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ከጠየቀህ ደህና ናቸው በለው አሉኝ። ጓደኛው አይደለህ? እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት። ይኸው ከማክሰኞ ጀምሮ እህል አይወርድልኝም፣ ሙሽራዋም ከመኪናው አልወረደችም።

ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልንገርህ። ትናንት ከሰዓት አይቻቸዋለሁ። ይናገራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ብርቱካን ልጬላቸው በልተዋል። ሲተነፍሱ ግን ይደክማቸዋል፣ ደረጃ ወጥተው የመጡ ይመስላሉ። ሐኪሟ ይድናሉ ብላ አልማለችም፣ አይድኑም አላለችም፤ ዕድሜያቸው ጥሩ ነው፣ ስኳራቸው ያሳስበኛል ነው ያለችው። ሺራ አጠገባቸው ናት፣ አብራቸው ታድራለች። ይህን በምጽፍበት ሰዓት በሕይወት አሉ፤ ከጻፍኩት ውስጥ አንተን ለማረጋጋት ብዬ ያሳመርኩት አንድም ቃል የለም። ከነገ ወዲያ የሚሆነውን አላውቅም። የሆነውን ግን ከእኔ ትሰማለህ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሽማግሌ ሳልሰበስብ። ብቻህን ሆነህ ከመስማት ይልቅ ሳታውቅ መዋልህ እንደሚከፋ ያየሁት አንተ ላይ ነው።

አክስትህ ዛሬም ሰንበት ሳይገባ ይደውሉልሃል፣ በየቀኑ እንደሚያደርጉት። ቤት ነኝ ይሉሃል። ከኋላቸው ጢጥ ጢጥ የሚለው የአልጋቸው መሣሪያ ነው። ልትነግራቸው የምትፈልገው ነገር ካለ ዛሬ ንገራቸው። ማን ነገረህ ብለው መቆጣታቸው አይቀርም።

ስሜን ጥራ።

ማንያዘዋል