በአባታችን ጀርባ ሥር ያሉት አንበሶች

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለቆሉቶስ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? የፉስጣጥ ከተማ ሙቀትና ድንጋይ መሸከሙ እንዴት አድርጎሃል? እንቅልፍ ታገኛለህ? እናታችን ተመስገን ደህና ናት፤ ወገቧ ብቻ ነው የሚያስቸግራት። እኔም ደህና ነኝ ልልህ ነበር፣ ግን አልሆነልኝም።

ወንድሜ ሆይ፣ ልብህን አጽና። አባታችን ባለፈው ወር አርፈዋል። ሦስት ቀን ብቻ ነው የተኙት።

እንደምታውቀው የእኛ ሰው በጀርባው ሳንቃ ሳይታሰርለት አይቀበርም። የጠራቢ ቤት ሆነን ሳንቃ አጣን ብል ማን ያምነኛል? ከሰሜን እንጨት የሚያመጣው ጀልባ ከቀረ ቆይቷል፤ የነበረውን ግራርም ለገዳሙ በር ጨርሰውት ነበር። በቤቱ የቀረው ያንተ ሳንቃ ብቻ ነው፤ ዳንኤልን በሁለት አንበሶች መሀል የቀረጽክበት። አባታችን «እነዚህማ ፍየሎች ናቸው» ብለው በሰው ፊት ስለሳቁብህ አኩርፈህ የሄድክበት። በዚያ በብርዱ ወራት የሽመና ዕቃዬን እንኳ ስናነድ እሱን አላስነኩንም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በጣታቸው ሲዳብሱት አይ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ አልጻፍኩልህም፤ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሊያርፉ ሲሉ አጎታችን ጵሳጤ ሳንቃ ከየት እንደምናመጣ በሹክሹክታ ሲጠይቀኝ ሰሙ።

«የልጄን አምጡ» አሉ። «ቅርጹን ወደ እኔ አዙሩት። ፍየሎቹ ጀርባዬን ይጠብቁኝ።»

እንዳሉት አደረግን።

ከቀበርናቸው በአራተኛው ቀን ደብዳቤህ ደረሰ። አለቃህ የእጅህን ሥራ አይቶ ከድንጋይ ተሸካሚነት ወደ ጠራቢዎቹ እንዲያዛውርህ፣ ሳንቃውን በጀልባ እንድንልክልህ ለምነሃል። ከሄድክ በአራት ዓመት ውስጥ የጠየቅከን ይህን ብቻ ነው። አልዋሽህም፣ መቆፈሪያ ይዤ ወደ መቃብሩ ሄጄ ነበር። አፈሩ ገና ለስላሳ ነው። አንድ ጊዜ መታሁና መቆፈሪያውን ጥዬ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ለእናታችን ስነግራት አልተቆጣችኝም። «ካባትየው አልቀማ፣ ለልጅየው የምሰጠው የለኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስለዚህ የምልክልህ መሮአቸውን ነው። እጀታው አውራ ጣታቸው በሚያርፍበት በኩል ጎድጉዷል። ቁራጭ እንጨት ፈልግና ያንኑ ዳንኤል እንደገና ቅረጽ፣ ለአለቃህም አሳየው። አደራህን፣ አንበሶቹን አታስተካክላቸው።

እናታችን ግንባርህን ትስማለች። ጵሳጤ ኩርፊያህ አለቀ ወይ ይልሃል፤ ሚስቱም የደረቀ ቴምር በጀልባው ልካልሃለች። የአባታችንን ሰላምታ ከላይ ነግሬሃለሁ።

እህትህ ታጋጴ
ጄሜ፣ ወንዙ መሙላት ሲጀምር፣ በኤጴፕ ወር በሰባተኛው ቀን