በአንድ መጥበሻ ዙሪያ ስለ ተሰሙት ሁለት አቋሞችዎ

ለተከበሩ አቶ ዳሬል ቮስበርግ፣
ወረዳችንን ወክለው ለኮንግረስ ለሚወዳደሩት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደ ጉንጭዎ ቅላት የተሟላ እንዲሆን፣ ሁለት ዓይነት ንግግር የቻለው ጉሮሮዎም እስከ ምርጫው ቀን እንዲበረታልዎ እመኛለሁ።

እኔ የቢርች ፎልስ ነዋሪ፣ ላሞቼን ሸጬ ጡረታ የወጣሁ አያት ስሆን፣ እርስዎን ሁለት ጊዜ ለመስማት ታድያለሁ። አማካሪዎችዎ ሳይነግሩዎት ቀርተው ይሆናል እንጂ፣ የካቶሊኮቹና የሉተራኖቹ የቤተ ክርስቲያን አዳራሾች በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ ቀርቶ የሚበላውን የዓሣ እራት የሚፈራረቁት ተኳርፈው ሳይሆን፣ ትልቁ መጥበሻ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። መጥበሻው በሄደበት ከተማው በሙሉ ይሄዳል። ሌላ ሕዝብ መስሎዎት የነበረው እኛው ነን።

፩. በካቶሊኮቹ አዳራሽ «እኔ እያለሁ የዚህ ከተማ ሆስፒታል አይዘጋም» ብለው እጅዎን ደረትዎ ላይ አደረጉ። ባለቤቴ አርዲስ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷን የምትታጠበው እዚያ ነውና፣ «አየህ አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬስ ሰው አገኘን!» ብላ ጎኔን ጎሸመችኝ። በሳምንቱ በሉተራኖቹ ዘንድ «መንግሥት ትንንሽ ሆስፒታሎችን መደጎም ይብቃው» ሲሉ፣ ያቺው አርዲስ ያንኑ ካፖርት ለብሳ ፊት ለፊትዎ ተቀምጣ ነበር። እንዲያውም ጨው አቀብለዋታል። ስለ ጨዋነትዎ እናመሰግናለን፤ ጨው ግን በሐኪም ተከልክላለች።

፪. የአካባቢያችንን ላሞች የሚያልቡልንን ሜክሲኮዎች በመጀመሪያው ዓርብ «ወንድሞቻችን» አሏቸው፣ በሁለተኛው «ተጠራርገው ይውጡ»። በሁለቱም ምሽት ዓሣውን የጠበሰልዎ አላቢው ኤውሴቢዮ ነበር። አንዱንም አላሳረረብዎትም።

፫. ጎረቤቴ ጌርሃርት «አፍ የለህም እንዴ? ሂድና ጠይቀው እንጂ!» ብሎ ቢገፋፋኝ፣ በር ላይ ጠብቄ የትኛው ንግግር የእርስዎ እንደሆነ ጠየቅሁዎ። «አባባ፣ አቋሜ ግልጽ ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ትከሻዬ ገብቶታል፤ ያልገባው ጆሮዬ ነው።

ይህን የምጽፈው መልስ ጠብቄ አይደለም። ተፎካካሪዎ ከፎቶግራፋቸው በስተቀር እዚህ ደርሰው ስለማያውቁ፣ ማሸነፍዎ አይቀርም። ሆስፒታሉም የኩላሊት ክፍሉ በመከር እንደሚዘጋ በሩ ላይ ለጥፏል። ሌላው ማሽን ያለው ከሁለት ሰዓት መንገድ በላይ ነው፤ በበረዶው ወራት ደግሞ ያ መንገድ እንኳን የእኔን አሮጌ መኪና፣ በረዶ ጠራጊውንም አያሳልፍም። አርዲስ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ስለማታወራው ነው እንጂ።

በአንዱ ዓርብ ያመንኩዎት፣ በሌላው የተዋወቅሁዎት፣ ለሁለቱም ፊትዎ እኩል አክባሪዎ፣

ኦርቪል ሌምኬ

በተጨማሪም፦ ለመጨረሻው ዓርብ መጥበሻው ወደ ካቶሊኮቹ ይመለሳል። አርዲስ ከበረታች ከአጠገቧ ቦታ ትይዝልዎታለች። እባክዎ ያንን ስለ ሆስፒታሉ የተናገሩትን እንዳያስቀሩባት። ውሸት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን አንድ ጊዜ ደግማ ብትሰማው ደስ ይላታል።